ቁል ሸሪፍ፣ ሰማዕት ከመሆኑ በፊት

ስለ አሟሟቱ የነገረን የታታሮችን ከተማ ካዛንን ሊወስድ ከመጣው የሩሲያ ጦር አዛዦች አንዱ ነው። ልዑል አንድሬይ ኩርብስኪ ይባላል፤ በ1552 ከተማዋ ስትወድቅ ዕድሜው 24 ገደማ ነበር (ዓመቱንም ወሩንም የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)። ከዓመታት በኋላ ከጌታው ከሞስኮው ንጉሥ ከአስፈሪው ኢቫን ጋር ተቃቅሮ ወደ ሊትዌኒያ ኮበለለ። እዚያ ተቀምጦ የኢቫንን የግዛት ዘመን ሲጽፍ የካዛንን የመጨረሻ ቀንም አብሮ ጻፈው። እሱ እንደሚለው፣ የሩሲያ ወታደሮች ጎዳና ለጎዳና እየተዋጉ ወደ ኻኑ፣ ማለትም ወደ ንጉሡ፣ ግቢ ሲቃረቡ ሙላዎችና ሰይዶች ግልብጥ ብለው ወጡባቸው። ከፊት የሚመራቸውን ሰው ኩርብስኪ «ታላቁ ጳጳሳቸው» ይለዋል፤ የሚያውቀው ማዕረግ እሱ ነው፣ ምን ያድርግ። ስሙን ግን አልሳተም፦ ቁል ሸሪፍ ሙላ። በርትተው ተዋጉ፣ አንድም ሳይቀር አለቁ ይልና ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል።

ጠላት በሁለት መስመር የመዘገበው ይህ ሰው ዛሬ የታታሮች ትልቁ ሰማዕት ነው። ካዛን ክሬምሊን፣ ማለትም በአሮጌው ምሽግ፣ ውስጥ በስሙ የሚጠራ ሰማያዊ ጉልላት ያለው መስጊድ አለ፤ የከተማዋን ፎቶ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ስለ እሱ ሲነገር ሦስት ማዕረጎች ተደርድረው ይመጣሉ፤ ሊቅ፣ ገጣሚ፣ ዲፕሎማት። ከዚያ ወሬው ሳይውል ሳያድር ወደ መጨረሻው ቀን ይሮጣል፤ ሰይፍ፣ የሚነድ መስጊድ፣ ከተማሪዎቹ ጋር የወደቀ ሽማግሌ። እኔም ማንበብ የጀመርኩት በሞቱ ነው። ይዞ ያስቀረኝ ግን ዲፕሎማት የምትለዋ ነገር ናት፤ ማንም እምብዛም የማይቆምባት።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ካዛን ያኔ የነበረችበትን ማጥ ማየት ያስፈልጋል። የካዛን መንግሥት ወርቃማው ኦርዳ የተባለው የሞንጎሎች ግዛት ሲፈራርስ ከተፈለቀቁት መንግሥታት አንዱ ነው፤ መቀመጫው የካዛንካ ወንዝ ወደ ቮልጋ ከሚገባበት ብዙም ሳይርቅ፣ ኮረብታ ላይ። በምዕራብ ሞስኮ፣ በደቡብ ክራይሚያ አሉ። ሁለቱም የየራሳቸውን ሰው በዙፋኑ ላይ ለማስቀመጥ ይሻሙ ነበር። የሞስኮው ሰው ሻህ ዓሊ ሦስት ጊዜ ነገሠ፤ የክራይሚያው ሳፋ ጊራይም እንዲሁ ሦስት ጊዜ። አንዱ ሲገባ የሌላው ወዳጆች ይሰደዳሉ፣ ወይም አንገታቸው ይቀላል። በዚህ መሀል ከቦታው የማይነቃነቅ አንድ ሹመት ነበር፤ የሰይዱ። ሰይድ ማለት ከነቢዩ ዘር የሚቆጠር የሃይማኖት አባት ነው፤ ኻን ሲለዋወጥ ያማክራል፣ ዙፋን ባዶ ሲሆን ይሰበስባል፣ መልእክተኛ ሲያስፈልግ ይሄዳል።

ክብሩ ምን ያህል እንደነበር የጻፈው የኦስትሪያው መልእክተኛ ሲጊስሙንድ ፎን ሄርበርሽታይን ነው። በ1517ና በ1526 ሞስኮ ተልኮ ነበር፤ መጽሐፉ የወጣው በ1549 ነው። ሰይዱ ሲመጣ ኻኖች ሳይቀሩ ወጥተው ይቀበሉታል ይላል። እሱ በፈረሱ ላይ እንዳለ እነሱ ቆመው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እጁን ይነካሉ። እጁን መንካት የኻኖች ብቻ ነው። ከእነሱ በታች ያሉት መሳፍንት ጉልበቱን፣ መኳንንቱ እግሩን ይነካሉ፤ ተራው ሰው ደግሞ ልብሱን ወይ ፈረሱን ከነካ በቂው ነው። ይህን ያነበብኩ ዕለት ነው ቁል ሸሪፍ በዓይነ ኅሊናዬ መጽሐፍ ላይ ካጎነበሰ ሼህነት የወጣው። ይህ ሰው ፈረስ ላይ የተቀመጠ ፖለቲከኛም ነበር።

ገጣሚነቱን በአጭሩ ልለፈው፤ ውብ ስላልሆነ ሳይሆን የሱ መሆኑን ማረጋገጡ ራሱን የቻለ ጣጣ ስለሆነ ነው። በስሙ የተፈረሙ የሱፊ ግጥሞች በእጅ ጽሑፍ ሲገለበጡ ኖረው፣ «ባቂርጋን ኪታቢ» በተባለው የመንፈሳዊ ግጥሞች ስብስብ ውስጥ ገብተው በኋላ ካዛን ውስጥ ታትመዋል። ታታር ቤት ቁርኣን የሚቀራ ልጅ ሁሉ በቃሉ ከሚያውቃቸው መጻሕፍት አንዱ ነበር ይህ ስብስብ። በስሙ ከሚታወቁት ረጅሙ የሑቢ ኾጃ ታሪክ ነው፤ የታላቁ የሱፊ ባለቅኔ የሐኪም አታ ልጅ። ልጁ አደን ይወዳል፣ የአባቱን ጉባኤ ትቶ ይጠፋል፣ አባት ይቆጣል። ቆይቶ ግን አባትየው ያላየውን ጸጋ ልጁ ተሸክሞ ሲዞር እንደኖረ ይገለጣል፤ ያኔ ልጁ ተሰውሯል፣ ለወላጆቹ ሐዘን ብቻ ቀርቷል። አባቱ ራሱ ቅዱስ ሆኖ ሳለ የልጁን ቅድስና አለማየቱ ነው ታሪኩን የሚያመው። የዚያ ዘመን የሱፊ ገጣሚዎች ግን የብዕር ስማቸው ይመሳሰላል፤ ስለዚህ የትኛው ግጥም የካዛኑ ሰይድ፣ የትኛው የሌላ ስመ ሞክሼ እንደሆነ ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ።

ሌላም ክርክር አለ። በ1550 ወጣቱ ኢቫን ካዛንን ከብቦ ነበር። የካቲት ላይ ደርሶ 11 ቀን እንደተቀመጠ ብርዱ ላላ፣ ዝናብ መጣ፣ በረዶው ቀለጠ፣ ባሩዱ ራሰ፤ ሳይወድ በግድ ተመለሰ። የዚያን ድል ታሪክ «ዛፈርናማ» ብሎ የጻፈ ሸሪፊ የሚባል ሰው አለ። ጽሑፉ የኦቶማኑን ሱልጣን ሱሌይማንን የሚያወድስ ነው፤ ቱርክ ውስጥ ተገኝቶ በ1960ዎቹ ያሳተመው ደግሞ ዘኪ ወሊዲ ቶጋን ነው፤ እሱም ከቮልጋ ኡራል አገር የተሰደደ ሊቅና ፖለቲከኛ ነበር። አንዳንዶች ይህ ሸሪፊ ቁል ሸሪፍ ነው ይላሉ፣ ሌሎች ከአስትራኻን የመጣ ሌላ ሰው ነው ይላሉ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ደራሲው ራሱ የአስትራኻን ሰው መሆኑን በስሙ ላይ ለጥፏላ።

አሁን ወደ 1551።

ኢቫን ከሁለት ያልተሳካ ዘመቻ አንድ ነገር ተምሯል፤ ካዛንን ከሞስኮ ድረስ እየተመላለሱ መውሰድ አይቻልም፣ አጠገቧ መኖር ያስፈልጋል። ስለዚህ ከላይኛው ቮልጋ፣ ከኡግሊች አካባቢ ጫካ፣ አንድ ሙሉ የእንጨት ምሽግ አስጠረበ። ግንቡ፣ ማማው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ እዚያው ተገጣጠመ፣ እያንዳንዱ ግንድ ምልክት ተደረገበት፣ ተነቀለ፣ በወንዙ ላይ ተንሳፎ ወረደ። ከካዛን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በ4 ሳምንት ውስጥ ከተማ ሆኖ ቆመ፤ ስቪያዥስክ። ከዚያ ማዶ ያሉት፣ ለካዛን ግብር ይከፍሉ የነበሩት ቹቫሾችና ማሪዎች ለሞስኮ ማሉ። ወንዙ ተዘጋ። ንግድ ቆመ። ሳፋ ጊራይ በ1549 ሞቷል፤ በዙፋኑ ላይ ያለው ሕፃን ልጁ ኡተሚሽ ነው፣ በሞግዚትነት የምትገዛው እናቱ ሶዩምቢኬ ናት፤ ጦሩ ደግሞ በከተማው ሰው በተጠሉ ክራይሚያውያን እጅ ነው። እነሱ ሲሸሹ ከተማዋ በራሷ ሰዎች እጅ ቀረች፤ ከነዚህ ሰዎች አንዱ ቁል ሸሪፍ ነው።

ሞስኮ ያቀረበችው ሒሳብ ከባድ ነበር። ሻህ ዓሊ ለሦስተኛ ጊዜ ይነግሣል። ሶዩምቢኬና ልጇ ለኢቫን ይሰጣሉ። ሩሲያውያን ምርኮኞች በሙሉ ይለቀቃሉ፤ ዜና መዋዕሎቹ ቁጥራቸውን 60,000 ያደርሱታል፣ የዜና መዋዕል ቁጥር መሆኑን ሳልረሳ። ነሐሴ 14 ቀን በካዛንካ አፍ ላይ ጉባኤ ተደረገ። የሃይማኖት አባቶቹን ቁል ሸሪፍ፣ ኦግላኖቹን (የኻን ዘር የሆኑትን መኳንንት) ኹዳይ ቁል፣ መሳፍንቱን ኑር ዓሊ ሺሪን እየመራ መጣ። ውሉ ሲነበብ የካዛን ሰዎች አንድ ነገር ሰሙ፤ ከቮልጋ ማዶ ያለው ተራራማ ወገን፣ የመንግሥቱ ግማሽ ሊባል የሚችል አገር፣ ለሞስኮ ይቀራል ይላል። አጉረመረሙ፣ ተከራከሩ። የሞስኮ ሰዎች የያዝነውን አንመልስም አሉ። በመጨረሻ ተፈረመ፤ ሕዝቡም በቡድን በቡድን እየመጣ ለቀናት ማለ።

እዚህ ላይ ነው እኔ የምቆመው። ኻኖች ቆመው እጁን የሚነኩት ሰው ወንዝ ዳር ላይ ሆኖ የአገሩ ግማሽ ሲሄድ፣ አንዲት እናትና ሕፃን ልጇ በጀልባ ወደ ሞስኮ ሲላኩ፣ ማኅተም ከሚያደርጉት ወገን ቆሟል። በየመድረኩ ይህ ትዕይንት አይነሳም፤ ሶዩምቢኬ ስታለቅስ በሥዕልም በተውኔትም አለች፣ ማን እንደሰጣት ግን በሹክሹክታ ካልሆነ አይነገርም። እኔ በበኩሌ ሰውየውን አልወቅሰውም። አማራጩ በ1551 በጋ መጨፍጨፍ ነበር። ውሉ ለከተማዋ አንድ ዓመት ዕድሜ ጨመረላት፤ አንድ ዓመት ደግሞ ክራይሚያ የምትመጣበት፣ ኢቫን የሚታመምበት፣ ሞስኮ ውስጥ አንድ ነገር የሚፈጠርበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ደካማ ወገን ሲደራደር ሁሌም የሚደራደረው ለዚህ ነው።

የሆነው ሌላ ነው። ሻህ ዓሊ ተቃዋሚዎቹን ግብር ጠርቶ 70 ያህል መኳንንት በአንድ ድግስ አሳረደ። ይህ ሰው ከነሠራዊቱ ሊገዛቸው እንደማይችል ሲታወቅ አንድ አስገራሚ ነገር መጣ፤ የካዛን መኳንንት ራሳቸው ኻኑ ይነሳልን፣ በቦታው የሞስኮ ገዥ ይሾምብን እስከማለት ደረሱ። ይህን ሳነብ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ነው። ስለ ካዛን መውደቅ የምንሰማው ሁልጊዜ የእምቢታ ታሪክ ነው፤ ከእምቢታው በፊት ግን ከተማዋ እሺ ማለት የምትችለውን ሁሉ ብላለች። በ1552 መጋቢት ላይ ልዑል ሚኩሊንስኪ ገዥ ሆኖ ሊገባ ሲቃረብ፣ ቀድመው የደረሱ ጥቂት መኳንንት ሩሲያውያኑ ሊፈጁን ነው ብለው ወሬ ነዙ። ከድግሱ እርድ በኋላ ይህን ወሬ የማያምን ማን ነው? በሩ ተዘጋ። አዲስ ኻን፣ ያዲጋር፣ ከአስትራኻን ዘር መጣ። ድርድር በዚያ አበቃ።

የከበባውን ዝርዝር ሩሲያውያን በደንብ ጽፈውታል፤ የቁል ሸሪፍ ሁኔታ ግን ድፍን ያለ ነው። ነሐሴ ማብቂያ ላይ የ22 ዓመቱ ኢቫን ራሱ ጦሩን ይዞ ደረሰ። ዜና መዋዕሎቹ 150,000 ይላሉ፣ የዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች በጣም ይቀንሱታል፤ በየትኛውም ሒሳብ ከተማዋን ከሚከላከሉት ብዙ እጥፍ ነው። መስከረም 4 ቀን ከመሬት ሥር በተቆፈረ ዋሻ በኩል ወደ ውሃ የሚወስደው ስውር መንገድ ተፈነዳ፤ ከዚያ ወዲያ የካዛን ሰው የጠጣው የጎደፈ ውሃ ነው። 13 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የእንጨት ማማ ከግንቡ ፊት ለፊት ቆሞ ወደ ውስጥ ይተኩስ ጀመር። ጥቅምት 2 ጠዋት፣ በድሮው የፈረንጆች (የዩልዮስ) አቆጣጠር፣ ግንቡ ሥር የተቀበረ 48 በርሜል ባሩድ ነደደ።

ኩርብስኪ ያችን ቀን ሲተርክ ከቁል ሸሪፍ ሞት በኋላ የሚያስቀምጣት ነገር አለች፤ ከጽሑፉ ሁሉ የማልረሳት። የተረፉት ተዋጊዎች ኻናቸውን ወደ ማማ አውጥተው ከሩሲያውያኑ ጋር ለጥቂት ጊዜ ተነጋገሩ። መንግሥታችን ቆሞ፣ ዙፋናችን ቆሞ ሳለ ለኻኑና ለአገራችን እስከ ሞት ተዋጋን፤ አሁን ኻኑን ጤነኛ አድርገን እንሰጣችኋለን፤ እኛ የቀረነው ወደ ሜዳ ወጥተን የመጨረሻውን ጽዋ ከእናንተ ጋር እንጠጣለን አሉ። ያዲጋርን ሰጡ፣ ከግንቡ ወረዱ፣ አለቁ። ኻኑ ሞስኮ ሄዶ ተጠመቀ፤ ሲሜዎን ተባለ። ትንሹ ኡተሚሽም ተጠመቀ፤ አሌክሳንደር ተባለ። ይገርማል፤ በመጨረሻዋ ሰዓት እንኳ ሰዎቹ ከሰይፍ በፊት ቃል ተለዋውጠዋል። የሰይዳቸው ልማድ ነው ብል ማጋነን ይሆንብኛል፤ ግን እንደዚያ ማሰቡ ደስ ይለኛል።

የካዛን መዝገብ ቤት አልተረፈም። ውሉን ከተዋዋሉት አንዱ ወገን ስለ ውሉ የጻፈው ነገር የለም፤ ቁል ሸሪፍ ነሐሴ 14 ምን እንዳለ የምንሰማው ተቃራኒው ወገን በጻፈው ነው። ለእኛ አገር አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም። ካዛን ስትወድቅ እኛ ዘንድ የዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ነው፣ የኢማም አሕመድ ጦርነት ካበቃ 9 ዓመቱ። የትኛው ቤተ ክርስቲያን በየት በኩል እንደተቃጠለ ከምናውቅባቸው ዋና ምንጮች አንዱ ዘመቻውን ሊያወድስ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ ነው። የጠላት ብዕር ይዋሻል፣ ግን ይቆጥራል፣ ስም ይጠራል።

ካዛን ላይ የተጻፈውንም ከነስሜቱ ማንበብ ይገባል። እኔ ብዙ የተማርኩት ከሚኻኢል ኹዲያኮቭ ነው፤ ሩሲያዊ ሆኖ የካዛንን መንግሥት ታሪክ ከካዛን በኩል አይቶ በ1923 ያሳተመ። ሰውየው በ1936 በስታሊን ዘመን ተረሸነ።

ከድሉ በኋላ ታታሮች ከግንቡ ውጭ፣ ከካባን ሐይቅ ዳር እንዲሰፍሩ ተደረገ። ኢቫን ለድሉ መታሰቢያ ሞስኮ ላይ ያሠራው በቀለም ያሸበረቀው የቅዱስ ባሲል ካቴድራል ነው፤ ዓለም ሁሉ የሩሲያ ምልክት አድርጎ የሚያውቀው። በ1740ዎቹ መጀመሪያ በካዛን ክፍለ ሀገር ከነበሩት 536 መስጊዶች 418 ፈረሱ። በድንጋይ መስጊድ መሥራት የተፈቀደው በዳግማዊት ካትሪን ዘመን ነው።

የአሁኑ የቁል ሸሪፍ መስጊድ የተመረቀው ሰኔ 24 ቀን 2005፣ የከተማዋ ሺህኛ ዓመት ሲከበር ነው። የቀድሞው ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ሥዕል ስለሌለ መሐንዲሶቹ በራሳቸው ሐሳብ ነው የሠሩት። ጉልላቱን ያመሳሰሉት በካዛን ዘውድ ነው፤ ዘውዱ ራሱ ዛሬም ያለው ሞስኮ፣ ክሬምሊን ሙዚየም ውስጥ ነው። ገባ እንዳልኩ ዓይኔን የያዘው ግን ጉልላቱም የቼክ አገሩ ግዙፍ መብራትም አልነበረም። መግቢያው ላይ የተቀመጡ ወፋፍራም መዝገቦች አሉ፤ ገንዘብ ያዋጡ ሰዎችና ድርጅቶች ስም ተራ በተራ ተጽፎባቸዋል፣ 40,000 ገደማ ይሆናሉ። አንዲት ሻሽ ያሰረች አሮጊት በጣቷ እየሄደች ስም ስትፈልግ ቆሜ አየሁ፤ የማንን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ከግንቡ በኩል ወደ ካዛንካ ሲያዩ ደግሞ ውሃው መሀል ፒራሚድ የመሰለ ሕንጻ አለ፤ በ1552 ለሞቱት የሩሲያ ወታደሮች በ1823 የቆመ መታሰቢያ። ሁለቱ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ከተማው ሰው በመሀላቸው ወደ ሥራው ያልፋል፤ እኔ ነኝ እንግዳው ቆሜ የማይ።

መስጊዱ እንዲሠራ የወሰነው የያኔው የታታርስታን፣ ዋና ከተማዋ ካዛን የሆነችው የሩሲያ ሪፐብሊክ፣ ፕሬዚዳንት ሚንቲመር ሻይሚዬቭ ነው፣ በ1995። ያው ውሳኔ እዚያው ክሬምሊን ውስጥ ያለው፣ ኢቫን ካዛንን ከያዘ በኋላ የተሠራው የብሥራት ካቴድራልም እንዲታደስ ያዛል። አንዱን ሰጥቶ አንዱን መውሰድ ነው፤ ሰውየው ሥራውን ያውቃል። ከዚያ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 1994፣ ታታርስታን ከሞስኮ ጋር ሥልጣን የሚያካፍል ውል ተፈራርማ ነበር፤ ሉዓላዊነት ሲሉ የነበሩ ብዙ ታታሮች ሽንፈት ነው ብለው ተቆጡ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ቼችኒያ ውስጥ ጦርነት ተጀመረ፣ ግሮዝኒ ፈረሰች። ካዛን ላይ አንድ ጥይት አልተተኮሰም። ውሉ በ2007 በተቀነሰ ይዘት ታደሰ፤ በ2017 ጊዜው ሲያልቅ ሞስኮ ሳታድሰው ቀረች።